ሚኒሞ የማይዝ መኪና በደብረ ታቦር ደጋ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አስፋልት ይዞ ወረታ የደረሰ መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የፎገራን ሜዳ ወደ ኋላ ትቶ መውጣት ይጀምራል። ዓለም በርን፣ ከዚያም አመድ በርን አልፎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደብረ ታቦር ይገባል። መንገዱ አጭር ቢሆንም ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1800 ሜትር ገደማ ተነሥቶ 2700 ሜትር ገደማ ደርሷል። ዳገቱን በደኅና የወጣ አሮጌ የቤንዚን መኪና ከተማ ገብቶ ሲቆም ችግሩ ይጀምራል። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ደግሞ ድርግም ይላል።

ብዙ ባለንብረት በዚህ ጊዜ ካርቡራተሩ እንዳለቀለት ወስኖ ሌላ ለመግዛት ይነሣል። ውሳኔው ችኩል ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ አስቸጋሪ የሆነ ሞተር ብዙ ጊዜ አንድም ክፍል አልተሰበረበትም፤ ችግሩ የተስተካከለው ለሌላ ቦታ አየር መሆኑ ነው። አንዳንዴ ደግሞ በእርግጥ ብልሽት አለበት። ሁለቱን ለመለየት ከውድ መሣሪያ ይልቅ ትዕግሥትና ትክክለኛ ቅደም ተከተል ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ሚኒሞ ምን እንደሆነ እንይ። ማርሹ ፎሌ ላይ ሆኖ፣ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ፣ ሞተሩ በራሱ ኃይል ሳይጠፋ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት መካኒኮቻችን ሚኒሞ ይሉታል። ባለ አራት ፒስተን በሆኑት የተለመዱ የቤንዚን መኪኖች ይህ ፍጥነት በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ዙር አካባቢ ነው። 800 ዙር እንኳ ብንወስድ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 1600 ጊዜ ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው፣ ታምቀው፣ በብልጭታ ተቀጣጥለዋል ማለት ነው። መኪናው ቆሞ ሹፌሩ ሲያወጋ የሞተሩ ሥራ ይህን ያህል ነው።

ወደ ካርቡራተሩ ከመሄዳችን በፊት ጥቂት ታሪክ እንይ። በደብረ ታቦር አካባቢ በመንኮራኩር ላይ ከባድ ነገር ማጓጓዝ የተጀመረው ሞተር ከመምጣቱ በፊት ነው። በከተማዋ አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት፣ አፄ ቴዎድሮስን ያገለግሉ የነበሩ አውሮፓውያን ባለሙያዎች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ አቀለጡ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ በሠረገላ እያስጎተቱ፣ ገደሉን እየናዱ መንገድ እየሠሩ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነበር። ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እስከ ዛሬ የምንጠቀምበትን ባለ አራት ምት ሞተር የሠራው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ቪልሄልም ማይባህ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1893 ቤንዚንን በቀጭን አፍ በኩል ወደሚያልፍ አየር የሚረጭ ካርቡራተር ሠራ። የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያደረሰው እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲሆን፣ ዘመኑ 1900 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው ላዳ፣ ቮልስዋገን፣ ፔጆ 404 እና ቶዮታ ዲኤክስ ሁሉ ከማይባህ ሐሳብ የተወለደ ካርቡራተር የተሸከሙ ናቸው።

ካርቡራተር የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ያልፋል፤ እዚያ ሲፈጥን ግፊቱ ስለሚቀንስ ቤንዚን በቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ይረጫል። ለጥሩ ቃጠሎ አንድ ኪሎ ቤንዚን 15 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። በሚኒሞ ጊዜ ግን የካርቡራተሩ መዝጊያ ሳህን ለመዘጋት ጥቂት ብቻ ስለሚቀረው በጉሮሮው የሚያልፈው አየር ዝግተኛ ነው፤ ከዋናው ቀዳዳ ቤንዚን ለመሳብ አቅም የለውም። ስለዚህ ለሚኒሞ ብቻ የተሠራች ሌላ ጠባብ መስመር አለች። የቤንዚን መግቢያዋ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዳገት እየጎተተ የወጣው መኪና ቆሞ የሚጠፋበት ምክንያት እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል፤ ዳገቱን የወጣው በዋናው መስመር ነው፤ ሲቆም ግን ሕይወቱ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል።

አሁን ወደ ከፍታው እንመለስ። በባሕር ጠለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት 100 ብንል፣ ወረታ ላይ 80 ገደማ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ 72 ገደማ ይሆናል፤ በክምር ድንጋይ በኩል አልፈን ከ3000 ሜትር በላይ ወዳለችው ነፋስ መውጫ ስንደርስ ደግሞ ከ70 በታች ይወርዳል። ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም። የሚያልፍበትን አየር በስፋቱ እንጂ በክብደቱ ስለማይለካ፣ ለሳሳው አየር ቀድሞ ይሰጥ ከነበረው የማይተናነስ ቤንዚን ይሰጣል። በአንድ ጊዜ ብዙ እንጨት የታጨቀበት ምድጃ ነበልባል ትቶ እንደሚጨስ ሁሉ፣ አየር ያነሰው ሞተርም ይጨሳል፣ ይታፈናል፣ ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ በጥላሸት ያጠቁራል። በዚያ ላይ በተመሳሳይ መክፈቻ የሚገባው አየር ስለቀነሰ ኃይሉ ይደክማል፤ ዙሩም ይወርዳል። እንግዲህ ደጋው በሚኒሞ ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ድብልቁን በቤንዚን ያበዛዋል፣ ፍጥነቱንም ዝቅ ያደርገዋል።

መኪናው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ስለዚህ የምርመራው መጀመሪያ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ሞተር ደብረ ታቦር ላይ ብዙ አይቸገርም፤ የከፍታው ልዩነት ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ከባሕር ዳር የመጣው ያንገራግራል። ከመተማ ቆላ የወጣው ደግሞ ጭሱ ራሱ ይናገርበታል። ችግሩ የጀመረው ዳገቱን ከወጡ በኋላ ከሆነ፣ ወረታ ሲወርዱም በራሱ የሚሻለው ከሆነ፣ አየሩን ይጠርጥሩ። ሜዳም ላይ ደጋም ላይ እኩል የሚያስቸግር ከሆነ ግን ብልሽት አለ ማለት ነው።

ብልሽት ሲፈለግ የብዙ ሰው እጅ በቀጥታ ካቻቢቴ ይዞ ወደ ካርቡራተሩ ብሎን ይሄዳል። እኔ እንደማምነው በአሮጌ መኪኖች ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ብዙው የሚመጣው ከዚህ ልማድ ነው። ሌላ ቦታ ያለ ጉድለትን በካርቡራተር ብሎን መሸፈን ይቻላል፤ ግን ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ችግር ይኖራል። ካርቡራተሩ መነካት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ይከፈታል። በበጋ የጠጠር መንገድ ላይ የዋለ መኪና ማጣሪያው በአቧራ ታፍኖ፣ ሞተሩ ሳስቶ ያገኘውን አየር ደግሞ ይከለክለዋል። ማጣሪያውን አውጥተው ሞተሩን ሲያስነሡ ሚኒሞው ከተስተካከለ ምክንያቱ ተገኘ። ያለ ማጣሪያ ግን መንዳት አይገባም፤ አቧራው ፒስተንና ሲሊንደር ይበላል።

ቀጥሎ ሾልኮ የሚገባ አየር ይፈለጋል። ከካርቡራተሩ በታች፣ ከቴስታታው ጋር በሚገጥመው የመሳቢያ ቱቦ ላይ ያሉት ጓርኒሲዮኖች ሲያረጁ፣ ወይም አንድ የጎማ ቱቦ ሲሰነጠቅ፣ ያልተለካ አየር ይገባል። ምልክቱ ከደጋው ምልክት የተለየ ነው፦ ጭስ የለም፤ ሞተሩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ካንዴላው ይነጣል፤ አየሩን ቀንሶ ቤንዚን የሚያበዛው ቾክ በትንሹ ሲሳብ ይሻለዋል። ለመፈለግ ሞተሩ እየሠራ በየመጋጠሚያው ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ ውኃው ክፍተቱን ለአፍታ ሲዘጋው ድምፁ ይለወጣል። አንዳንዶች ለዚህ ቤንዚን ይጠቀማሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ማፍሰስ መኪናውንም ሰውንም ሊያቃጥል ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ከነዚህ ቱቦዎች አንዱ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ሲቀደድ ሚኒሞ ከማበላሸቱ በላይ ፍሬኑ ይከብዳል። ማገዣው የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ ውስጥ ባለው ግፊት ልዩነት ነው፤ ደጋ ላይ የውጭው አየር ራሱ ስለቀነሰ ጤነኛ ማገዣም እንኳ ከሜዳው ያነሰ ነው የሚያግዘው። የተቀደደ ቱቦ ይዞ ወደ ወረታ ቁልቁለት መውረድ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምት። ለሚኒሞ ብለን የጀመርነው ፍተሻ እዚህ ላይ ሕይወት ያድናል። በነገራችን ላይ የግፊት መለኪያ ሰዓት ያለው መካኒክም ይህንኑ ማስታወስ አለበት። መጻሕፍቱ ለጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ይላሉ፤ ቁጥሩ ግን የባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ገደማ ስለሚቀንስ፣ ደብረ ታቦር ላይ 10 ወይም 11 ያነበበ ሞተር ጤነኛ ሊሆን ይችላል። መጽሐፉን ብቻ አምኖ እንዲህ ያለውን ሞተር ማውረድ ትልቅ ኪሣራ ነው።

ከአየሩ በኋላ ብልጭታው ይመረመራል። መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ እንደቆመ ሞተሩ ይጠፋ፤ ሲበርድ ካንዴላዎቹ ይፈቱ። ቡናማ ወይም የገለባ መልክ ያለው ጫፍ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ እርጥብና ቅባታማ ጥቁር ደግሞ ዘይት ወደ ውስጥ መግባቱን ይናገራል። አራቱም እኩል ከጠቆሩ ነገሩ የካርቡራተር ወይም የከፍታ ነው። አንዱ ብቻ ከተለየ የዚያ ሲሊንደር ጉዳይ ነው፤ ካርቡራተሩ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ይህች ልዩነት ብዙ ገንዘብ ታድናለች። ፑንቲና ያላቸው መኪኖች ደግሞ የፑንቲናው ፊት ተበልቶ ከሆነ፣ ወይም ክፍተቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ከራቀ፣ ብልጭታው በዝቅተኛ ዙር ይቆራረጣል። ቫልቮላም እንዲሁ ነው፤ በቮልስዋገንም በላዳም ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የሚፈለገው ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክፍተቱ ጠፍቶ ቫልቮላው በደንብ ካልዘጋ የታመቀው አየር ያመልጣል፤ ሞተሩም በሚኒሞ ያነክሳል።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሲገኝ ነው ወደ ካርቡራተሩ የሚኬደው። የሚኒሞ መስመር ከሚደፈንባቸው ምክንያቶች ዋናው የነዳጅ ጥራት ነው። ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ውኃና ቆሻሻ ሊኖረው ይችላል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ በካርቡራተሩ ጎድጓዳ ታች ይተኛል፤ ቀዳዳዎቹ ያሉትም እዚያው ነው። የተገዛውን ቤንዚን በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ በቂ ምርመራ ነው፤ ውኃ ካለው ታች ተለይቶ ይታያል። መስመሯ ከተደፈነች ደግሞ የሚኒሞዋ ትንሽ የናስ ብሎን ትፈታና ወደ ሰማይ ብርሃን ትታያለች። ንጹሕ ከሆነች መሐሏ ላይ ክብ የሆነች፣ ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ ብርሃን ቁልጭ ብላ ትታያለች። ብርሃኗ ከጎደለች ወይም ቅርጿ ከተዛባ ቆሻሻ አለ። በሽቦ መጎርጎር ግን ክልክል ነው፤ ሽቦ ናሱን ያሰፋዋል፤ የሰፋች ቀዳዳ ደግሞ አትመለስም። በቤንዚን አጥቦ በጎማ መንፊያ አየር መንፋት ይበቃል።

ማስተካከሉ ራሱ እንዲህ ነው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፤ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱ ይረጋገጥ። በአብዛኞቹ ካርቡራተሮች ላይ ሁለት ብሎኖች አሉ፤ አንዱ ፍጥነቱን፣ ሌላው ድብልቁን ይወስናል። የድብልቁ ብሎን ወደ ውስጥ ሲገባ ቤንዚን ይቀንሳል። ከመንካት በፊት ብሎኑ እስኪነካ ድረስ ስንት ዙር እንደሚገባ ቆጥሮ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ሥራው ካላማረ መመለሻው ያ ቁጥር ነው። ሲነካ በኃይል አይጥበቅ፤ ሾጣጣ ጫፉ ይጎዳል። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ ሞተሩ ይነሣል። ብሎኑን ጥቂት ጥቂት እያስገቡ ዙሩ መውረድ እስኪጀምር መሄድ፣ ከዚያ ሞተሩ ለስላሳና ፈጣን እስኪሆን ጥቂት መመለስ፤ መጨረሻ ላይ በፍጥነቱ ብሎን ዙሩን ወደ 800 አካባቢ ማድረስ። ደብረ ታቦር ላይ ይህ ሲደረግ የድብልቁ ብሎን ከባሕር ዳሩ ይልቅ ገባ ብሎ፣ የፍጥነቱ ደግሞ ከፈት ብሎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ በተሠሩ ቮልስዋገኖች ላይ ግን ፍጥነቱ የሚስተካከለው በካርቡራተሩ ጎን ባለው ወፍራም የአየር ብሎን ነው፤ የመዝጊያ ሳህኑን ብሎን መንካት አያስፈልግም። ሥራው ሁልጊዜ ደጅ ይሁን። በደብረ ታቦር ብርድ በር ዘግቶ ሞተር ማሞቅ ያጓጓል፤ ነገር ግን ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ክረምት የራሱ ጠባይ አለው። ከጉና ተራራ በኩል የሚወርደው ጉም ከተማዋን ሲሸፍን አየሩ ቀዝቃዛም እርጥብም ይሆናል። ቤንዚን በካርቡራተር ጉሮሮ ውስጥ ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ የጉሮሮው ሙቀት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሊወርድ ይችላል። በአየሩ ያለው እርጥበት በመዝጊያ ሳህኑ ዙሪያ በረዶ ይሠራል፤ መኪናው ከተነሣ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ሚኒሞ አጥቶ ይጠፋል። አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ሲቆም የሞተሩ ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሣል። ይህን የማያውቅ ሰው ያለ ምክንያት የነዳጅ ፓምፕ ይለውጣል። ፋብሪካዎቹ ለዚህ መድኃኒት አበጅተው ነበር፦ ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ሞቃት አየር ወደ ማጣሪያው የሚወስድ ቱቦ። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ይህ ቱቦ ትርፍ መስሎ ተጥሏል። በደጋ ለሚኖር መኪና ግን መልሶ ማስገጠም ይገባል።

የተገላቢጦሹም መታወቅ አለበት። ደብረ ታቦር ላይ በደንብ የተስተካከለ መኪና ወደ መተማ ሲወርድ ወፍራም አየር ያገኛል፤ ቤንዚኑ ያንሰዋል። በካርቡራተሩ ያስላል፣ ይግላል፤ ለረጅም ጊዜ እንዲህ ከተነዳ ቫልቮላ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ለሁለቱም ቦታ የሚሆኑት የብሎን ዙሮች መታወቅ አለባቸው።

እንደ ቪትስ ያሉት መኪኖች ካርቡራተር የላቸውም፤ የአየሩን ግፊት ወይም መጠን የሚያነብ መሣሪያ ስላላቸው ለደጋው ራሳቸውን ያስተካክላሉ። እነሱ ሚኒሞ ሲያጡ በመጀመሪያ የሚታየው በአየር መክፈቻው ዙሪያ የተጋገረው ጥቁር ካርቦን ነው። እሱን ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ይህ እውቀት ዛሬ ከወትሮው የበለጠ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን፣ በተለይም ከሰባት ዓመት በላይ የሆናቸውን፣ ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች እንግዲህ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ ለአንዳንዶቹ መለዋወጫ ማግኘትም እየከበደ ይሄዳል። ጤነኛ ካርቡራተር አለመጣል በዚህ ሁኔታ ለባለቤቱ ከቁጠባም በላይ ነው።

አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ታሪኩ ግን አብሮት አይሄድም። ደጋና ቆላ የሚመላለስ ሰው በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት በፕላስቲክ ሸፍኖ ቢለጥፍ ይህ ይቃለላል። ወረቀቱ ላይ የድብልቁ ብሎን በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ስንት ስንት ዙር ወደ ኋላ እንደሚመለስ፣ የቫልቮላውና የፑንቲናው ክፍተት፣ ካንዴላው የተለወጠበት ቀን ይጻፍ። ቀጣዩ መካኒክ ኮፈኑን ሲያነሣ ከዚያ ይጀምራል።